የዓለም ታሪክን፣ ሃይማኖቶችንና የቅኝ ግዛትን ውርስ በራስ ማጥናት፦ ከመሀል ጀምሩ

የዓለም ታሪክን "ከሥር ከመሠረቱ" ላጥና ብዬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከድንጋይ ዘመን ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሜሶፖታሚያ ላይ ደክሞኝ ቀረሁ። ስለ ሸክላ ጽላትና ስለ ኤፍራጥስ መስኖ ዛሬም ቢሆን ጥሩ አድርጌ ላወራችሁ እችላለሁ። ከዚያ ወዲህ ስላለው ግን ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበርኩ።

አራተኛው ሙከራ ተሳካ። የተሳካውም ከመሀል፣ ከአንድ የውል አንቀጽ ስለጀመርኩ ነው። አንቀጹን ለመረዳት ሌላ ነገር ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ያም ሌላ ጎተተ። ክር እንደ መምዘዝ ነው፤ አንዱን ጫፍ ከያዛችሁ ቀሪው ራሱ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው ያለ አስተማሪ፣ በስልክና በአንድ ደብተር፣ በሳምንት ሦስት አራት ሰዓት ለሚያጠና ሰው ነው። ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ያዙ

"የዓለም ታሪክን ማወቅ እፈልጋለሁ" ምኞት ነው። "ስለ ቅኝ ግዛት ላንብብ" የሚለውም ያው ነው። የት ጀምራችሁ የት እንደምታቆሙ አይነግራችሁም። ጥሩ ጥያቄ ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ "ለምን" ወይም "እንዴት" አለው።

ለምሳሌ፦ በ1947 የህንድና የፓኪስታን ድንበር ለምን እዚያ ላይ ዐረፈ?

ይህን ይዛችሁ አንድ ምሽት ብትፈልጉ የሚከተለውን ታገኛላችሁ። ድንበሩን እንዲያሰምር የተሾመው ሲሪል ራድክሊፍ የሚባል እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። መስመሩ ይፋ የሆነው ደግሞ ኦገስት 17 ነው፤ ህንድ ነጻነቷን ካወጀች ሁለት ቀን ዘግይቶ። ድንበሩ አካባቢ የነበሩ ሰዎች ነጻነት ከታወጀ በኋላም የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆኑ አያውቁም ነበር ማለት ነው።

አሁን ጥያቄው ይፈለፍላል። እንግሊዞች ለምን እንደዚያ ቸኮሉ? መስመሩ የተሰመረው የትኛው ሃይማኖት የት እንደሚበዛ ታይቶ ነው፤ ታዲያ ሕዝቡን በሃይማኖት መቁጠር የጀመረው ማን ነው? ሸሽተው ድንበር የተሻገሩት ሚሊዮኖች የት ገቡ? አያችሁ፣ በአንድ ጥያቄ ታሪኩም ሃይማኖቱም ኢምፔሪያሊዝሙም አብረው መጡ። ለየብቻ ማጥናት ያለባችሁ ሦስት ትምህርት አይደሉም።

እናም መጀመሪያ ቀን ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ዕውቀት የሚመስለውን ሳይሆን እንቅልፍ የሚነሳችሁን ምረጡ። ሌሎቹ የትም አይሄዱም።

2. ደብተሩን፣ ዘመኑንና ካርታውን አሰናዱ

ደብተሩን ገልጣችሁ በግራ ገጽ ምንጩ የሚለውን ብቻ ጻፉ። በቀኝ ገጽ እናንተ የምትሉትን፣ የምትጠራጠሩትን፣ ያልገባችሁን። ይህ ቀላል ይመስላል። ግን ከሁለት ወር በኋላ "ይህን ያነበብኩት ነው ወይስ ያሰብኩት?" ከሚል ጣጣ ያድናል። እኔ ይህን ሳላደርግ የሞላሁት ደብተር አለኝ። አሁን ለምንም አይረባኝም።

ከኋላ ባሉት ገጾች ላይ የዘመን ሰንጠረዥ ሥሩ። ወደ ታች ዓመት፣ ወደ ጎን አህጉር። ሲገኝ እየሞላችሁ ሂዱ፤ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ጥቅሙ የሚታየው ሁለት ነገር በአንድ መስመር ሲገናኝ ነው። 1868 ላይ እኔ ሁለት ነገር ጽፌአለሁ። ጃፓን ውስጥ አገሪቱን ያዘመነው የሜጂ መንግሥት ተተከለ። እንግሊዞች ደግሞ መቅደላን ይዘው የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ጭነው ሄዱ። ለየብቻ ሳውቃቸው አንድ ዓመት ላይ መሆናቸውን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ጎን ለጎን ሲሆኑ "ለመሆኑ ጃፓን ከወራሪ እንዴት ተረፈች?" የሚለው ጥያቄ ራሱ መጣ።

የዘመን አቆጣጠር ነገር አደገኛ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ "ዓድዋ 1888" ይላል፣ የውጭው 1896። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። የሂጅራ ዓመት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ በቀላል መቀነስ አይገኝም፤ መለወጫ ተጠቀሙ። የሩሲያው "የጥቅምት አብዮት" በአዲሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ላይ ነው የሚውለው። አንድ አቆጣጠር ምረጡና ሰንጠረዡን በሙሉ በእሱ ጻፉ።

ካርታም ይዋሻል። ግድግዳ ላይ የለመድነው አሳሳል የመጣው መርካቶር ከሚባል ካርታ ሠሪ ነው፤ በ1569 ለመርከበኞች የተሠራ። አቅጣጫ ለመጠበቅ ግሩም ነው፤ ስፋትን ግን ያዛባል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል መስላ ትታያለች። አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ስፋትን የማያዛባ ካርታ አንዱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

3. አንድ ሰነድ፣ በሁለት ቋንቋ

የምወደው ደረጃ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የታሪክ መጽሐፍ ማለት ሌላ ሰው አንብቦ፣ መርጦ፣ አብስሎ ያቀረበላችሁ ነገር ነው። ያስፈልጋል። ግን በወር አንዴ እንኳ ጥሬውን፣ ማለትም ውሉን፣ ደብዳቤውን፣ የችሎቱን ቃል፣ የሒሳብ መዝገቡን ማየት አለባችሁ። ባለሙያዎቹ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ይሉታል። ስትመርጡ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ብታገኙ ግማሽ ሥራችሁ አለቀ።

እኔ የጀመርኩበትን ላሳያችሁ። የውጫሌ ውል በሜይ 2 ቀን 1889 በምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። አንቀጽ 17ን በአማርኛው ስታነቡ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። ከፈለጉ ማለት ነው። ጣሊያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን በኩል ለመሥራት ተስማምተዋል የሚል ነው። በአንድ ግስ የተነሳ አንዲት አገር በአውሮፓ ፊት የጣሊያን ጥገኛ ሆና ተቆጠረች። ምኒልክ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ምላሹ ሲመጣ መነጋገሩ በጣሊያን በኩል እንደሚሆን ይነግር ነበር። በ1893 ውሉን አፈረሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓድዋ ሆነ።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። አሁን ይህንኑ ዓይን ይዛችሁ ሌላ የዓለም ጫፍ ሂዱ። ኒው ዚላንድ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1840፣ ዋይታንጊ። የእንግሊዝ ዘውድ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች አለቆች ጋር ውል ፈረመ። እንግሊዝኛው ማኦሪዎች ሉዓላዊነታቸውን ለዘውዱ ያስረክባሉ ይላል። ወደ ማኦሪኛ የመለሰው ሄንሪ ዊልያምስ የሚባል ሚስዮናዊ ከልጁ ጋር ሆኖ ነው፤ በአንድ ሌሊት። "ሉዓላዊነት" ለሚለው የተጠቀመበት ቃል "ካዋናታንጋ" ነው፤ "ገዢ" ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተበጀ፣ አስተዳደር እንደ ማለት። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ "ቲኖ ራንጋቲራታንጋ"፣ ማለትም ሙሉ የአለቅነት ሥልጣን፣ በማኦሪዎች እጅ እንደሚቆይ ያረጋግጣል። ከ500 በላይ አለቆች ፈረሙ። አብዛኞቹ የፈረሙት ማኦሪኛው ላይ ነው። ጣጣው እስከ ዛሬ አላለቀም፤ በ1975 ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ ጉባኤ ዛሬም አቤቱታ ይሰማል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ያየሁት ነገር አለ። የውጫሌው ጉዳይ የአንድ አጭበርባሪ መልእክተኛ ታሪክ ብቻ መሆኑ ቀረ። የዘመኑ የአሠራር ዘይቤ ሆኖ ታየኝ። ልዩነቱም ታየኝ፤ አንደኛው ወገን ውሉን ለማፍረስ የሚያስችል ጦርና አንድ ማዕከል ነበረው፣ ሌላኛው በየጎሣው ተበታትኖ ፈረመ።

ማንኛውንም ሰነድ ስትይዙ እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ጻፈው? ለማን? የጻፈው ምን ፈልጎ ነው? በየትኛው ቋንቋ፣ ማን ተረጎመው? የማን ድምፅ የለበትም? መልሱን በግራ ገጽ። ያልተመለሰውን በቀኝ።

ሰነድ የት ይገኛል? ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የቅጂ መብታቸው ያለፈ የጉዞ ማስታወሻዎች፣ ውሎችና የመንግሥት ሪፖርቶች በነጻ አሉ። ዊኪፒዲያን አትናቁ፤ ግን መጀመሪያ ከታች ያሉትን የግርጌ ምንጮች ተመልከቱ። ከዚያ አንዱን ርዕስ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ክፈቱት። ስለ አልጄሪያ ጦርነት ፈረንሳይኛውንና ዐረብኛውን በማሽን ትርጉም እንኳ ብታነጻጽሩ፣ የትኛው ምን እንዳስቀደመና ምን እንዳሳጠረ ታያላችሁ። ይህ በነጻ የሚገኝ ትምህርት ነው።

4. ሃይማኖትን እንዴት?

ሃይማኖትን በዝርዝር ማጥናት ቀላል ነው። እስልምና አምስት ማዕዘናት፣ ቡድሂዝም አራት የከበሩ እውነቶች፣ ሲኪዝም ጉሩ ናናክ… ለፈተና ይሆናል። ሰውን ለመረዳት ግን አይበቃም። ለእያንዳንዱ ሃይማኖት ሦስት ክፍል ክፈቱ፦ ጽሑፉ ምን ይላል፣ ምእመኑ በዕለት ኑሮው ምን ያደርጋል፣ ተቋሙ ከሥልጣን ጋር ምን ግንኙነት አለው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። ትምህርቱ ያለው ደግሞ የማይገጣጠሙበት ቦታ ላይ ነው።

አንድ ድንጋይ ልውሰድ። ንጉሥ አሾካ በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት አብዛኛውን ህንድ ይገዛ ነበር። ካሊንጋ የሚባለውን አገር ከወጋ በኋላ በዓለት ላይ ያስቀረጸው 13ኛው አዋጅ አለ። 100,000 ሰው እንደተገደለ፣ 150,000 እንደተጋዘ ይናገራል፣ ንጉሡም እንደተጸጸተ። ብዙ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ጨካኙ ንጉሥ ተጸጽቶ የቡድሃን መንገድ ያዘ ይልና። አሁን ያንን ጥያቄ አምጡ፤ ለማን ተጻፈ? ይህ የጸጸት አዋጅ በራሷ በካሊንጋ ምድር ባሉት በዳውሊና በጃውጋዳ ዓለቶች ላይ የለም። እዚያ ሌላ ጽሑፍ ነው የተቀረጸው። የተወጋው ሕዝብ ጸጸቱን እንዲያነብ አልተደረገም። ጸጸቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን ንጉሥ ንጉሥ ነው።

የኢዛናንም ገንዘብ በዚሁ ዓይን እዩት። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ በመጀመሪያ ያስመታው ሳንቲም ላይ ጨረቃና ክብ ነበር፤ በኋላ በቦታው መስቀል ገባ። ቤተ መንግሥቱ ክርስትናን እንደተቀበለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ስለ አራሹና ስለ እረኛው ግን ሳንቲሙ ዝም ነው። ሳንቲም የሚናገረው ስለ አስመቺው ነው። "ሕዝቡ በአንድ ቀን ተቀበለ" የሚል መጽሐፍ ካገኛችሁ በቀኝ ገጽ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ።

የሃይማኖት ስሞችም ታሪክ አላቸው። "ሂንዱ" የሚለው ቃል ሲንዱ (ኢንደስ) ከሚባለው ወንዝ የመጣ ነው። የሰጡት ፋርሶች ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ላለው አገርና ሰው። እንግሊዞች ከ1870ዎቹ ጀምረው በመላ ህንድ ሕዝብ ሲቆጥሩ እያንዳንዱ ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ፦ ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ ሲክ… ከዚያ በፊት አንድ መካነ መቃብር ላይ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች አብረው የሚሳሉበት ቦታ ሞልቶ ነበር። ልዩነቱን እንግሊዝ ፈጠረው ማለት አይደለም፣ በፊትም ነበር። መስመሩን ግን መዝገቡ አጠነከረው። ደረጃ 1 ላይ ያነሳሁት የራድክሊፍ ካርታ በዚህ ቆጠራ ላይ ነው የተመሠረተው።

ሚስዮናውያንን በተመለከተ ሁለት ጽንፍ ይጠብቃችኋል። አንዱ "መጽሐፍ ቅዱስ ሰጥተው መሬት ወሰዱ" ይላል። ሌላው "ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ያመጡ ደጎች" ይላል። ሁለቱንም የሚያስቸግር ሰው ፈልጉ። ጆን ቺሌምብዌ የባፕቲስት ፓስተር ነበር፤ በ1915 በዛሬዋ ማላዊ በእንግሊዞች ላይ ዐመፅ መርቶ ተገደለ። ሲሞን ኪምባንጉ በ1921 በቤልጂግ ኮንጎ ሲሰብክና ሲፈውስ ሕዝብ ጎረፈለት። ቤልጂጎች ሞት ፈረዱበት፣ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፣ 30 ዓመት ታስሮ በ1951 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የገዢው ሃይማኖት ገዢውን መታገያ ሆነ። የትኛውም ጽንፍ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሊያስቀምጥባቸው የሚችል ቦታ የለውም።

ሁለት ልማድ ልጨምር። የራሳችሁን እምነት ከጽሑፉ፣ የሌላውን ከምእመኑ ድካም እየወሰዳችሁ አታወዳድሩ። ሁላችንም ሳናውቀው የምናደርገው ነው። ከዚያ ስለ አንድ ሃይማኖት የጻፋችሁትን አንቀጽ ለአማኙ አንብቡለት። "አዎ፣ እንደዚያ ነው" ካላለ ገና አልገባችሁም። ልትስማሙ አይጠበቅባችሁም፤ ራሱን ካወቀ ይበቃል። ጨዋታውን "ምን ታምናላችሁ?" ብላችሁ አትክፈቱ፤ ሰው ይደነግጣል ወይም ስብከት ይጀምራል። "በጾማችሁ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

5. ገንዘቡን ተከተሉ

ስለ ኢምፔሪያሊዝም ስታነቡ ንግግሩ ብዙ ነው፤ ሥልጣኔ፣ ክብር፣ ዘር፣ ሰንደቅ ዓላማ። መዝገቡን ግን ክፈቱ።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ኤድመንድ ሞሬል የሚባል ወጣት የሊቨርፑል የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ ነበር። ለሥራ አንትወርፕ ወደብ ይመላለሳል። የቤልጂግ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ የግል ይዞታው ካደረጋት ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ጢም ብለው ሞልተው ይገባሉ። ሲመለሱ የሚጭኑት ግን በአብዛኛው ጠመንጃ፣ ጥይትና ወታደር ነው። ለንግድ የሚሆን ዕቃ የለም። ሞሬል ያኔ ኮንጎን አላያትም። ግን ሒሳቡን ደመረ፤ ክፍያ ካልሄደ ጎማውን የሚያመጡት ሰዎች እየተገደዱ ነው። ከዚያ ሥራውን ትቶ ዘመቻ ጀመረ። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጂግ መንግሥት ለመልቀቅ ተገደደ።

እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። በጥያቄያችሁ ውስጥ ስላለው ቦታ እነዚህን ፈልጉ፦ ምን ወጣ? ምን ገባ? ባቡሩ ከየት ወዴት ነው የተዘረጋው? ማን ከፈለ? በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካ የባቡር ካርታ ላይ ብዙው መስመር ከማዕድን ወይም ከእርሻ ተነስቶ ወደብ ላይ ያበቃል፤ ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው ጥቂት ነው። ካርታውን ብቻ አይቶ የሚገባ ነገር ነው።

ካሳውን ማን ለማን እንደከፈለም እዩ። ሄይቲ በ1804 ባሮቿ ራሳቸውን ነጻ አውጥተው የመሠረቷት አገር ናት። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ጠየቀች፤ ንብረታቸውን ላጡት የቀድሞ ባለርስቶች። በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ሄይቲ ለመክፈል ከፈረንሳይ ባንኮች ተበደረች። እንግሊዝም በ1833 ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መደበች፤ ለባሪያ አሳዳሪዎቹ። ነጻ የወጡት ምንም አላገኙም። ለዚህ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ የተዘጋው በ2015 ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የካሳ ተቀባዮቹን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ በስም መፈለግ ይቻላል። አንድ ምሽት እዚያ ብትቆዩ፣ ከብዙ ምዕራፍ ንባብ የበለጠ ትማራላችሁ።

6. "ውርስ" ስትሉ ፈትሹ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ክርክር የሚበላሸው። አንዱ "ድህነታችን ሁሉ በቅኝ ግዛት ነው" ይላል። ሌላው "ስንት ዓመት አለፈ፣ እስከ መቼ ሰበብ?" ይለዋል። ጩኸት ብቻ።

አንድ ነገር የቅኝ ግዛት ውርስ ነው ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር መርምሩ። በፊት ነበር? ገዢዎቹ በምን መንገድ ለወጡት? ከሄዱ በኋላ ማን ይዞ አቆየው?

ሩዋንዳን እንውሰድ። ሁቱና ቱትሲ የሚሉት ስሞች በፊትም ነበሩ፤ ከከብት ሀብትና ከሥልጣን ጋር የተያያዙ፣ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያልፍባቸው የሚችል። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ ቀረ። በ1962 ነጻነት መጣ። ቤልጂጎቹ ሄዱ፣ መታወቂያው ግን ቀጠለ፤ ያስቀጠለው የአገሩ መንግሥት ነው። በ1994 ቱትሲዎች ሲጨፈጨፉ በየኬላው የተጠየቀው ያ መታወቂያ ነው። ሦስቱም ጥያቄ መልስ አለው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ሁለት ሦስተኛውን ታሪክ ጥሎታል።

በዚሁ ወንፊት የታወቁ "እውነቶችን" አሳልፏቸው። የአውሮፓ መንግሥታት ስለ አፍሪካ የተነጋገሩበት የበርሊን ጉባኤ ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885 ተካሄደ፤ አንድም አፍሪካዊ አልተወከለም። ይህ ልክ ነው። የዛሬዎቹ ድንበሮች እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተሰመሩ የሚለው ግን ልክ አይደለም። ጉባኤው በዋናነት የመቀራመቻውን ደንብ አወጣ፤ አብዛኛው መስመር የተሰመረው ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተዋዋሉት ውል ነው። በ1964 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ላይ ተሰብስቦ በነጻነት ጊዜ የተገኙት ድንበሮች እንዲከበሩ ወሰነ። በጊዜው ጦርነት የፈሩ መሪዎች ውሳኔ ነው። ትክክል ነበር ወይ? በቀኝ ገጽ ላይ ጻፉት።

ኢምፓየር ስትሉ አውሮፓን ብቻ አታስቡ። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ገዝታለች፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮሪያውያን የጃፓን ስም እንዲወስዱና የጃፓን ነባር ሃይማኖት በሆነው በሺንቶ ቤተ መቅደስ እንዲሰግዱ ይገደዱ ነበር። ኦቶማን አለ፣ ሞንጎል አለ፣ ኢንካ አለ። ወደ ቤትም ስትመጡ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ውጫሌን ያፈረሱት ምኒልክ በዚያው ዘመን ሐረርን በ1887፣ ወላይታን በ1894 በጦር ይዘዋል። አንዱ ጸሐፊ "አገር ማቅናት" ይለዋል፣ ሌላው "ወረራ"፣ ሦስተኛው "ግዛት ማስፋፋት"። ቃሉን ስትመርጡ ወገን መርጣችኋል። እኔ በግራ ገጽ ላይ ጸሐፊው የተጠቀመበትን ቃል በትእምርተ ጥቅስ አስገብቼ አልፋለሁ፤ ፍርዱን ወደ ቀኝ ገጽ።

7. የሌለውን ሰነድ ፈልጉ

ይህ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። በ1950ዎቹ ኬንያ ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሳው የማው ማው ዐመፅ ጊዜ በእንግሊዝ ካምፖች የተሠቃዩ ኬንያውያን ለንደን ላይ ሲከሱ፣ መንግሥት በሚስጥር ያስቀመጣቸው መዝገቦች በ2011 ወጡ። ከቅኝ ግዛቶቹ ሲለቁ ወደ እንግሊዝ የተጫኑ፣ የ37 ግዛቶች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች። ያልተጫነው ብዙው ተቃጥሏል። በ2013 መንግሥት ከ5,000 በላይ ኬንያውያንን ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በፊት "ማስረጃ የለም" ብለው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ምንጭ ዝም ሲል "አልሆነም" ብላችሁ አትደምድሙ። መዝገቡን የያዘው ማን እንደነበረ ጠይቁ። የቃል ታሪክ፣ ዘፈን፣ የቦታ ስም፣ የፍርድ ቤት ምስክርነት እዚህ ላይ ይጠቅማሉ፤ እነሱንም በዚያው ጥያቄ እየፈተናችሁ።

8. በአራት ሳምንት አንድ ገጽ ጻፉ

አንደኛው ሳምንት ለአጠቃላይ ንባብ ይሁን፤ አንድ አጭር መጽሐፍ ወይም ሁለት ጥሩ መጣጥፍ። ሁለተኛው ለአንድ ጥሬ ሰነድ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ለማይስማማ ጸሐፊ፤ ካልተናደዳችሁ ሌላ ፈልጉ። አራተኛው ሳምንት መጽሐፉን ዝጉና ለጥያቄያችሁ መልስ በአንድ ገጽ ጻፉ። አንድ ገጽ ብቻ። ቦታ ሲጠብ ያልገባችሁ ነገር ይጋለጣል።

የጻፋችሁትን ለአንድ ጓደኛ አስነብቡ፤ ታሪክ የማይወድ ቢሆን ይመረጣል። የሚያዛጋበት ቦታ እናንተም ሳይገባችሁ ያለፋችሁት ቦታ ነው። ሰነፍ ሳምንት ይመጣል፤ ሁለትም ሦስትም ሊሆን ይችላል። እንደገና ከመጀመሪያ አትጀምሩ። እኔን ሜሶፖታሚያ ላይ ሦስት ጊዜ ያስቀረኝ እሱ ነው። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ገጹን ስትጨርሱ ቀጣዩ ጥያቄ ቀኝ ገጽ ላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። የእኔ የአሁኑ ይህ ነው፦ በ1545 በዛሬዋ ቦሊቪያ ፖቶሲ የሚባል ተራራ ላይ ብር ተገኘ። ስፔኖች የአገሩን ሰው በግዳጅ እያስገቡ አስቆፈሩት። ከዚያ ብር ከፊሉ በማኒላ በኩል ፓሲፊክን ተሻግሮ ቻይና ገባ። ቻይናዎች ያን ሁሉ ብር ለምን ፈለጉት? ግብር በብር መሰብሰብ ጀምረው እንደነበር ደርሼበታለሁ። እኛም ገንዘቡንና ማዕድኑን በአንድ ቃል ነው የምንጠራው፤ እሱንም ከጎኑ ጽፌዋለሁ።